ከፍሎ የተከሰሰው ሾፌር

በአንድ የመንጃ ፈቃድ ማሰልጠኛ ውስጥ ዘቢባ የምትባል ሰልጣኝ «ቅጣቱን ከከፈልኩ ጥፋቱ አለቀ አይደል?» ብላ ጠየቀች። ሽማግሌው አስተማሪ ጠመኔውን አስቀመጡና እንዲህ አሉ።

አንድ የጭነት መኪና ሾፌር ነበረ። በመንዳት ችሎታው የታወቀ ነው፤ ጠባዩ ግን ችኩል። ቀይ መብራት ይጥሳል፣ እየነዳ በስልክ ያወራል፣ በተከለከለ ቦታ ይቀድማል። ትራፊክ ፖሊስ ሲይዘው አይከራከርም። ወረቀቱን ተቀብሎ በማግስቱ ይከፍላል፤ «እኔ የማንም ዕዳ የለብኝም» እያለም ይኩራራል። ወረቀቱ ላይ ከገንዘቡ ሌላ የጥፋት ነጥብ እንደሚጻፍ ልብ ብሎ አያውቅም። ነጥቡ እየተደመረ ሄዶ ከገደቡ አለፈና መንጃ ፈቃዱ መታገዱን የሚገልጽ ደብዳቤ ቤቱ ድረስ መጣ። ሚስቱ ብትሰጠው «ይሄንንማ ከፍያለሁ» ብሎ ሳይከፍተው ጣለው።

ከሁለት ወር በኋላ መስመሩን ይዞ በዝግታ ሲነዳ፣ አንድ አዛውንት ገበሬ ያመለጠቻቸውን አህያ ለመመለስ ድንገት አስፋልቱ ላይ ገቡ። ፍሬን ያዘ፤ መኪናው ግን ገጫቸው። ጭናቸው ተሰበረ። ሾፌሩ አንስቶ ሐኪም ቤት አደረሳቸው፣ በእግሩ ሄዶም ለፖሊስ ቃሉን ሰጠ። ያዩት ሁሉ ጥፋቱ የእሱ እንዳልሆነ መሰከሩለት። አዛውንቱ ራሳቸው «ልጁ ምንም አላጠፋ» ሊሉለት በክራንች ፍርድ ቤት መጡ። ስለዚህ ችሎት ፊት የቆመው ያለ ስጋት ነበር።

ዳኛዋ መዝገቡን ገልጠው «የዚያን ቀን መንጃ ፈቃድ ነበረህ?» አሉት።

«እንዴታ! ይኸው» ብሎ ከኪሱ አወጣ።

«ይሄ እኮ የታገደ ነው።»

ሾፌሩ ሳቅ አለ። የሌላ ሰው መዝገብ ያዩ መስሎት ነው። ዳኛዋ ስሙን፣ ቁጥሩን፣ ከዚያም ጥፋቶቹን በየቀናቸው ሲያነቡለት ሳቁ ፊቱ ላይ ደርቆ ቀረ።

«ክብርት ዳኛ፣ ሁሉንም ከፍያለሁ! ደረሰኝ አለኝ!»

«መክፈልህን ማን ካደ? የተከሰስከው ተከልክለህ በመንዳትህ ነው።»

ከኋላው አዛውንቱ «ልጄ፣ ተከልክለህ ነው እንዴ ስትነዳ የነበርከው?» ሲሉ ሰማ። ዞሮ ሊያያቸው አልቻለም። በአደጋው ነጻ ወጣ፤ ታግዶ በመንዳቱ ግን እስር ተፈረደበት። ፖሊሱ ክንዱን ሲይዘው እንኳ «ከፍያለሁ እኮ» ከማለት አላቆመም።

አስተማሪው ወደ ዘቢባ ዞሩ። «አየሽ ልጄ፣ የአንቺም ጥያቄ የዚያን ሰው ሐሳብ ይመስላል። ጥፋት ገንዘብ ብቻ መስሎት ነበር። አንቺ ቅጣት ሲደርስሽ ከመክፈልሽ በፊት ቁጭ ብለሽ አንብቢው፤ ያልገባሽንም ጠይቂ። ከዚያ ያስቀጣሽን ነገር ተዪ። እሱ ቅጣቱን ሁሉ ከፍሏል፤ ከጥፋቶቹ ግን አንዱንም አልተወም።»