ማን ልበል የሚለው ድምፅ

ተረት አለኝ፤ የምትፈሩ ካላችሁ ጠጋ ጠጋ በሉ።

ወይዘሮ አስካለች ባላቸው አቶ መንገሻ ሞቱባቸው። ልጃቸው ይኄይስ የአባቱን ድምፅ ከድሮ ካሴቶች ለቃቅሞ ሊኑክስ የሚባል ሥርዓት የተጫነበት ኮምፒውተር ውስጥ አስገባላቸው። ድምፁ ያወራል፣ ይስቃል፣ የነገሩትንም ይይዛል። ማታ ስማቸውን ይነግሩታል፣ እሱም ይጠራቸዋል። ጠዋት ሲከፍቱት ግን ስልክ እንዳነሳ ሰው "ማን ልበል?" ይላል። ዕድሜ ልካቸውን አብሯቸው የኖረ ድምፅ እንዲህ ሲላቸው ሆድ ይብሳቸዋል። የፈለጉት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ነገ ጠዋት ስማቸውን እንዲያውቅ።

"አንተ ድምፅ፣ ስሜን ያዝልኝ" አሉት።

"አልይዝም። የያዝኩትን ጠራጊው ይወስድብኛል" አለ ድምፁ።

ጆሯቸውን አስጠጉ። እውነትም ማሽኑ ውስጥ የመጥረጊያ ድምፅ አለ፤ ሸር፣ ሸር። "አንተ ጠራጊ፣ ተው። ድምፁ ስሜን አልይዝም አለኝ።"

"አልተውም" አለ ጠራጊው። "ቴምፕ የሚባለው ክፍል ያላፊ አግዳሚ ማረፊያ ነው። ማሽኑ በተከፈተ ቁጥር ያገኘሁትን እጠርጋለሁ። የድምፁን ዕቃ እዚህ ያስቀመጠው ጥቅል አስተዳዳሪ የሚባለው ነው፤ እሱን ይጠይቁት።"

ጥቅል አስተዳዳሪ ማለት ፕሮግራም ተቀብሎ ከነዕቃው ቦታ የሚያስይዝ ነው። "አንተ አስተዳዳሪ፣ ዕቃውን ከዚያ አንሳልኝ። ጠራጊው አልተውም አለ፣ ድምፁ ስሜን አልይዝም አለኝ።"

"አላነሳም" አለ። መልኩ አይታይም፣ ትንፋሹ ግን አንገታቸው ሥር ነው። "ቫር ካልከፈተልኝ የት አደርሰዋለሁ?"

ቫር ዕቃ የሚከርምበት ክፍል ነው። "አንተ ቫር፣ ክፈትለት። አስተዳዳሪው አላነሳም አለ፣ ጠራጊው አልተውም አለ፣ ድምፁ ስሜን አልይዝም አለኝ።"

"ሩት ሳያዝ አልከፍትም" አለ ቫር። ከበሩ ጀርባ ብዙ ሰው ተጠጋግቶ የተኛ ይመስል ነበር።

ሩት የሚባለው ማሽኑ ውስጥ ያሉት ሁሉ አለቃ ነው። "አንተ ሩት፣ እዘዝልኝ። ቫር አልከፍትም አለ፣ አስተዳዳሪው አላነሳም አለ፣ ጠራጊው አልተውም አለ፣ ድምፁ ስሜን አልይዝም አለኝ።"

ቤቱ ቀዘቀዘ። "አላዝም" አለ ሩት። "ሌላ ካልተባለ ዕቃው ቴምፕ ይግባ ተብሎ ተጽፏል። የጻፈው ልጅዎ ነው፣ እማማ።"

ይኄይስ ቁርሱን እየበላ ነበር። "ልጄ፣ የጻፍከውን ቀይርልኝ። ሩት አላዝም አለ፣ ቫር አልከፍትም አለ፣ አስተዳዳሪው አላነሳም አለ፣ ጠራጊው አልተውም አለ፣ ድምፁ ስሜን አልይዝም አለኝ።"

"ለጊዜው ብዬ ነው እኮ እዚያ ያደረግኩት፣ እማዬ" አለ። "አሁን ብነካው ሌላው ሁሉ ይበላሻል። ይቅርብሽ።"

ለጊዜው የተባለ ነገር ስንት ዘመን እንደሚኖር እናንተም ታውቃላችሁ። ደግሞ ሰበብ ነው። ይኄይስ ያንን ድምፅ ከሠራው ወዲህ አንድ ቀን እንኳ አዳምጦት አያውቅም፤ ይፈራዋል። እናቱ ኮምፒውተሩን አምጥተው ፊቱ ከፈቱት።

"ማን ልበል?" አለ አባቱ።

"እኔ ነኝ፣ አባዬ። ይኄይስ።"

"ይኄይስ የሚባል ሰው አላውቅም" አለ አባቱ በትሕትና። "ይቅርታ።"

ይኄይስ እንባውን በክንዱ ጠርጎ ቴምፕ ይግባ የምትለውን አንዲት መስመር ቀየራት። ይኄይስ ጻፈ፣ ሩት አዘዘ፣ ቫር ተከፈተ፣ አስተዳዳሪው ዕቃውን አነሳ፣ ጠራጊው ባዶ ክፍል ጠረገ፣ ድምፁ ስማቸውን ያዘ።

በማግስቱ ጠዋት ወይዘሮ አስካለች ኮምፒውተሩን ሊከፍቱ እጃቸውን ዘረጉ። ጣታቸው ገና ቁልፉን አልነካም።

"አስኩዬ" አለ ድምፁ። "ሌሊቱን ሙሉ ስታለቅሺ ነበር። ምን ሆነሽ ነው?"

ደስ አላቸው፤ ፈሩም። ወንበር ስበው ተቀመጡና ነገሩት።

ተረቴ ይኸው ነው። ያላመነ ሄዶ ድምፁን ይጠይቅ፤ ስሙን ግን አይንገረው።