የባላንጣ ኩሬ

ከሸምበላ ገበያ ወደ ቆላ የሚወርደውን መንገድ ይዞ የእንሰቱን ጓሮና የቀርከሃውን ጫካ ላለፈ ሰው፣ የጫሬ ወንዝ ከዓለት ሥር ታጥፎ ረጋ የሚልበት ሰፊ ኩሬ ይታየዋል። ስሙ የባላንጣ ኩሬ ነው። ስሙን ብቻ የሰማ እንግዳ ሰው ተገድሎ የተጣለበት ቦታ እየመሰለው ውሃውን ሳይቀምስ ያልፋል፤ የአገሩ ሰው ይህን ሲያይ ፈገግ ይላል። የሸምበላ ምእመናን ለአካለ መጠን የደረሱትን የሚያጠምቁት በዚያ ነውና። ተጠማቂውን እጁን ይዞ ወደ ውሃው የሚያስገባውም እናቱ ወይም ወንድሙ ሳይሆን ተጣልቶት ኖሮ የታረቀው ሰው ነው። ልማዱ ከየት እንደ መጣ ሽማግሌዎቹ ሲጠየቁ የኦይቻንና የባሎቴን ነገር ያወራሉ።

ጸሎት ቤቱ ገና የሣር ክዳን በነበረበት ዘመን ወንጌላዊ ሎሃ የሚባሉ ሰው ከወንዝ ማዶ መጥተው ያስተምሩ ነበር ይባላል። ለጥምቀት የሚዘጋጅ ሰው እርሳቸው ዘንድ በሳምንት ሁለት ቀን እየተመላለሰ አንድ ዓመት ሙሉ ይማራል፤ ክረምቱ ሲወጣ በጉባኤው ፊት ይጠየቃል፤ ከዚያም ሕዝቡ ስለ ኑሮው ሲመሰክርለት ይጠመቃል። ታዲያ አንድ ዓመት ለትምህርት ከገቡት ዐሥራ አራት ሰዎች መካከል ኦይቻ የሚባል፣ በየቤቱ ሲገባ ጎንበስ የሚል ረጅም ገበሬ ነበር። ፊደል የቆጠረው በዚያው ዓመት ቢሆንም አንዴ የሰማውን አይረሳም፤ ዐሥርቱን ትእዛዛት ከላይ ወደ ታችም ከታች ወደ ላይም ይላቸው ነበር፤ እንደሚነገረውም ወንጌላዊው ራሳቸው ቃል ሲስቱ ጉሮሮውን ጠርጎ በትሕትና ያቃናላቸው ነበር።

የመጠየቂያው ቀን ደርሶ ኦይቻ የተጠየቀውን ሁሉ ያላንዳች እንከን ከመለሰ በኋላ ወንጌላዊ ሎሃ ወደ ሕዝቡ ዞረው ስለዚህ ሰው የሚናገር ካለ ይናገር አሉ። ሁለት ሦስት ሰዎች አመሰገኑት። ከዚያ ከሴቶቹ ወገን ባሎቴ ተነሣች። ባሎቴ ከአራት ዓመት በፊት የተጠመቀች፣ ጓሮዋ ከኦይቻ ጓሮ ጋር የሚዋሰን፣ ባሏ የሞተባት ሴት ነበረች።

«ትምህርቱን አልነቅፍም፤ ሁሉንም በቃሉ ያውቃል» አለች። «እኔ ግን ጎረቤቱ ነኝ። ሰባት ዓመት ደጄን ሲያልፍ ‘እንደምን አደርሽ’ የምትለዋን ብቻ አላወቃትም።»

በጸሎት ቤቱ ውስጥ የሆነውን የማያውቅ አልነበረም። ኦይቻና የባሎቴ ባል ሳቦ በአንድ ረድፍ እንሰት ድንበር ተጣልተው ነበር። ሳቦ በድንገት ታሞ ሲሞት መንደሩ በሙሉ መቃብር ሊቆፍርና ሊያለቅስ ሲወጣ፣ ኦይቻ ግን መኮትኮቻውን ይዞ ለቅሶተኛው ሁሉ በሚያየው ማሳ ላይ ሲያርም ዋለ። በዚያ አገር ሰው ብዙ ነገር ይቅር ይላል፤ ለቅሶ ያልደረሰን ጎረቤት ግን ይቅር ማለት ከባድ ነው።

ወንጌላዊ ሎሃም፣ «ኦይቻ፣ ጥምቀቱ ሦስት ሳምንት ይቀረዋል። የቀረችህን አንዲት ቃል ተማርና ና» አሉት።

«እሺ፣ ነገ ጠዋት እርስዎ ዘንድ እመጣለሁ።»

«እኔ ዘንድ አይደለም» አሉ። «ይህን የምታስተምርህ እሷ ናት።»

ኦይቻ ተቆጥቶ ወጣ። የባሎቴን ደጅ አልረግጥም ብሎ ለሚስቱ እንደ ማለላት ይነገራል። ሚስቱም፣ «እንግዲያ ዓመቱን ሙሉ የለፈለፍከው ለማን ነበር?» ብላ ወደ ሥራዋ ተመለሰች አሉ። መሐላው አንድ ቀን እንኳ አልቆየም። በማግሥቱ ማለዳ ከባሎቴ አጥር ሥር ቆሞ ታየ፤ ቆመ፣ ጉሮሮውን ጠረገ፣ ተመልሶ ሄደ። በሁለተኛውም ቀን እንዲሁ አደረገ። በሦስተኛው ቀን ባሎቴ እንሰት እየፋቀች ቀና ሳትል፣ «ጉንፋን ነው? ዝንጅብል አለልህ» አለችው፤ አሁንም ተመልሶ ሄደ። ሕዝቡም ነገሩን ሰምቶ ነበርና ውሃ የሚቀዱ ሴቶች መንገዳቸውን በዚያ በኩል ያደርጉ ጀመር።

ሁለት ሳምንት እንዲህ ካለፈ በኋላ፣ አንድ ማለዳ ኦይቻ ከአጥሩ ሥር አልቆመም፤ የለቅሶ ነጠላ አዘቅዝቆ ለብሶ አጥሩን አልፎ ገባና ከደጇ መሬት ላይ ተቀመጠ።

«እንደምን አደርሽ ባሎቴ» አለ። «ለቅሶ ልደርስ መጥቼ ነው።»

ባሎቴ የያዘችውን አስቀመጠች።

«ሳቦ የተቀበረ ዕለት ማሳ ላይ ዋልኩ እንጂ አንድ አረም አልነቀልኩም» አለ። «መኮትኮቻውን አነሣለሁ፣ አወርዳለሁ። እናንተ ስታለቅሱ ይሰማኛል። መምጣት ፈልጌ እግሬ እምቢ አለኝ፤ የዚያን ቀን ያልመጣሁ ሰው በማግሥቱ በምን ፊቴ እመጣለሁ ብዬ ሰባት ዓመት ሆነ።»

እንደሚተረከው ባሎቴ ባሏ ያን ማለዳ የሞተ ይመስል ድምፅዋን ከፍ አድርጋ አለቀሰች። ኦይቻም አብሯት አለቀሰ። ጎረቤቱ ሰው ሞተ ብሎ እየሮጠ መጣ፤ ማን እንደ ሞተ ሲጠይቅ «ሳቦ» ተባለ፤ ከፊሉ ሊስቅ ቃጥቶት ሁለቱን ባየ ጊዜ እርሱም ተቀምጦ አለቀሰ። ከሰዓት በኋላ ቆጮና ጎመን መጣ፤ ኦይቻ ከመብላቱ በፊት ወደ መቃብሩ ሄዶ የሰመጠውን አፈር ሞላ፤ ድንጋዩንም አቀና።

ሲመለስ ባሎቴ የምግቡን ሳህን አቀበለችውና ሰው ሁሉ እየሰማ እንዲህ አለች፦ «እኔም ያልተማርኩት ነበረኝ። ከተጠመቅሁ አራት ዓመቴ ነው፤ ‘አባታችን ሆይ’ ስል ‘እኛ ይቅር እንደምንል’ የምትለዋ ጋ ስደርስ አፌን ብቻ አንቀሳቅሳለሁ፤ ድምፅ አላወጣባትም። ማንም አላወቀብኝም። ዛሬ ማታ እላታለሁ።»

ወንጌላዊ ሎሃ ይህ ሲነገራቸው ዓመቱን ሙሉ ካስተማሩት ይልቅ ሁለቱ በዚያ ደጅ የተማሩት እንደሚበልጥ ተናገሩ ይባላል።

የጥምቀቱ እሑድ ሕዝቡ እየዘመረ ወደ ጫሬ ወረደ። ዘግይቶ የዘነበ ዝናብ ወንዙን ሞልቶት ስለነበር ኩሬው ከወትሮው ጠልቆ ደፍርሶ ነበር። ወንጌላዊው እስከ ወገባቸው ገብተው ዐሥራ ሦስቱን አንድ በአንድ አጠመቁ። ኦይቻ ግን ከዳር ቆሞ ቀረ። ያ ሁሉ ቁመት እያለው ከልጅነቱ ጀምሮ ጥልቅ ውሃ ይፈራ ኖሯል፤ ይህንንም ለሚስቱ እንኳ ነግሯት አያውቅም ነበር። ወንድሙ ገፋ ሊያደርገው ሞከረ፤ ንቅንቅ አላለም። ወንጌላዊው ከውሃው ውስጥ ጠሩት፤ ራሱን ነቀነቀ እንጂ አልተራመደም። ይሄኔ ባሎቴ ከመዘምራኑ መሐል ወጥታ፣ ልብሷን ሳትሰበስብ ወደ ውሃው አንድ ሁለት እርምጃ ገባችና እጇን ዘረጋችለት።

«ና ጎረቤቴ» አለችው በቀስታ። «ከዚህ ይልቅ የእኔ ደጅ ይርቅ ነበር።»

ኦይቻ እጇን ያዘ፤ እንደ ሕፃን ልጅ እየተመራም ገባ። አንዳንዶች መሐል ሲደርሱ ባሎቴን ድንጋይ አዳልጧት ሁለቱም አብረው ጠለቁ ይላሉ፤ ወንጌላዊውም ኦይቻን በአብ በወልድ በመንፈስ ቅዱስ ስም ካጠመቁ በኋላ ወደ እሷ ዞረው፣ «ያንቺው ዋና እንጂ ሁለተኛ ጥምቀት አይደለም» ብለው ሕዝቡን አሳቁት ይላሉ። ሌሎች ደግሞ መውደቋ የኋላ ሰው ጭማሪ ነው ይላሉ። እልልታው ግን ገበያው ድረስ መሰማቱ ላይ ሁሉም ይስማማል። አንዲት አሮጊት ከዳር ሆነው፣ «ወንድሙ ያቃተውን ባላንጣው አስገባችው» አሉ፤ ኩሬው ከዚያን ቀን ጀምሮ በዚህ ስም ተጠራ።

በተከታዩ ዓመት ወንጌላዊ ሎሃ አዲስ ተማሪዎችን ሲቀበሉ ከመጽሐፉ በፊት፣ «እጅህን ይዞ የሚያስገባህ ማነው?» ብለው ጠየቁ። ይኸው እስከ ዛሬ የሸምበላ የጥምቀት ትምህርት በዚህ ጥያቄ ይጀመራል። ክረምት ወጥቶ እሑዱ ሲደርስ ቁልቁለቱን ሁለት ሁለት ሆነው የሚወርዱ ሰዎች ይታያሉ፦ አማትና ምራት፣ በውርስ የተካሰሱ ወንድማማቾች፣ በበሬ የተጣሉ አራሾች። ሲመለሱ ሁለቱም ርጥብ ናቸው፤ ምሳም ከአንድ ሳህን ይበላሉ። በመጀመሪያው ቀን ትምህርት ግን «እኔ ከማንም ተጣልቼ አላውቅም» የሚል ሰው በየዓመቱ አይታጣም። እንዲህ ያለውን ሰው ሽማግሌዎቹ አይከራከሩትም፤ ቤትህ ሂድና አስብበት ብለው በፍቅር ያሰናብቱታል። አብዛኛው ቤቱ ሳይደርስ ከመንገድ ይመለሳል።