የሚኒባሱ ሾፌር ጸሎት

አንድ አፉ የማያርፍ የሚኒባስ ሾፌር ከመጠን በላይ በፍጥነት ነድተሃል ተብሎ ቢቀጣ፣ ቅጣቱን አልቀበልም ብሎ ችሎት ቆመ። ከተረታ መንጃ ፈቃዱ ለስድስት ወር ይያዛል፤ ስድስት ወር ደግሞ አምስት ልጅ ላለበት ሰው ፋሲካ የሌለው ጾም ነው።

የቀጣው ትራፊክ ፖሊስ ደረቱን ነፍቶ መሰከረ።

«ክቡር ዳኛ፣ በኪዳነ ምሕረት በር ላይ ሽው ብሎ ነው ያለፈው! ልቡም መንገዱ ላይ አልነበረም። ኮፍያውን አወለቀ፣ ሦስቴ አማተበ፣ በሩን ሳያልፍ አባታችን ሆይን እስከ አሜን ሲደግም ከንፈሩን እያየሁት ነበር!»

ሾፌሩ እጅ ነሳ።

«እውነታቸውን ነው፣ ክቡር ዳኛ። እንግዲህ ይፍረዱ፤ አንዲት በር ሳላልፍ ይህን ሁሉ ካደረስኩ፣ መኪናዬ በረረ ወይስ ዳኸ?»

ችሎቱ በሳቅ ተሞላ። ዳኛው ግን መረታት የማይወዱ ሰው ነበሩና በመነጽራቸው አናት አዩት።

«ምናልባት ጸሎቱንም በጥድፊያ ደግመኸው ይሆናላ!»

«እሱንስ አልክድም፣ ጌታዬ» አለ ሾፌሩ አንገቱን ደፍቶ። «ግን ያ ክስ የሚታየው በላይኛው ችሎት ነው። እዚያ ደግሞ እኔም እርስዎም የምንቆመው በተከሳሽ በኩል ነው።»

ዳኛው ጉሮሯቸውን ጠርገው ፖሊሱ የያዘበትን መንጃ ፈቃድ አስመለሱለት።