በሬውን ያነሣው ጠፍር

አንድ ገበሬ ነበረ፤ ከጣሪያ ወደቀ። ኅዳር ላይ የጎጆውን ክዳን በአዲስ ሣር ሲጠግን እግሩ ከዳው፤ ቅልጥሙ ተሰበረ። ወጌሻ ተጠርቶ አቃናው፣ በቀርከሃ አሰረው፣ ተኛ አለው። ገበሬው ተኛ። መተኛቱን ግን አብዝቶ ወደደው።

ጥር ሲያልቅ ወጌሻው መጥቶ እስሩን ፈታ። አጥንቱን ዳሰሰና ይዟል አለ። ከዚያም ጠዋትና ማታ ጉልበቱን እንዲያጥፍ፣ ምርኩዝ ይዞ እስከ ደጁ እንዲሄድ፣ በየቀኑም ጥቂት እንዲጨምር አዘዘው።

«የተኛ ጅማት ሲነቃ ያማል። አትፍራው» አለው።

ገበሬው አንድ ጊዜ አጠፈ። ላብ አጠመቀው። ሁለተኛ አልሞከረም። ወጌሻው ደግ ሰው ነበር፣ መጨረሻ ላይ ጨከነ እንጂ ብሎ ለጎረቤቱ አማው።

መደብ ላይ መዋልም ክፉ አልነበረም። ጠያቂ አይጠፋም፤ አንዱ እርጎ፣ አንዱ ቆሎ ይዞ ይመጣል። ገበሬውም አወዳደቁን ያወጋል። ባወጋው ቁጥር ጣሪያው ከፍ ይላል። ኅዳር ላይ የወደቀው ከጎጆ ነበር፤ የካቲት ሲገባ ከደብሩ ጉልላት የወደቀ ሊመስል ምንም አልቀረው።

ሚስቱ የምታስበው ሌላ ነበር። ዝናብ ሊመጣ ሦስት ወር ቀርቷል። እርሱ ካልቆመ መሬታቸው ለሌላ አራሽ በእኩል ሊሰጥ ነው፤ ግማሹ እህል ሄደ ማለት ነው። ይህን ስትነግረው ጉልበቱን ገልጦ ያሳያታል። ጉልበቱም እውነትም እንጨት ሆኖ ነበር።

በዚህ መካከል ዳልቻ የሚሉት በሬያቸው ከቁልቁለት ተንሸራቶ ታፋውን ተጎዳ። አጥንቱ ደህና ነው፤ መነሣት ግን እምቢ አለ። ሚስትየው እየሮጠች ገብታ ነገረችው። ገበሬው ከወደቀ ጀምሮ እንደዚያ ቀን ነቅቶ አያውቅም። ጎረቤት ጥሩ፣ ጠፍር በሆዱ ሥር አሳልፉ፣ በአጣና ደግፋችሁ አቁሙት እያለ ከመደቡ ላይ ትእዛዝ አዘነመ።

«ያቃስታል እኮ» አለችው።

«ያቃስት። ማቃሰት አይገድልም። የተኛ ከብት ግን እግሩ ከሥሩ ይሞታል።»

«ጥቂት ቀን ብናሳርፈውስ?»

«ሲደክመው አሳርፉት፤ ከዚያ ደግሞ አንሡት። ዛሬ እስከ በረቱ፣ ነገ እስከ ግራሩ። አትዘኑለት። በሬን ለቢላዋ የሚሰጠው አዛኙ ነው።»

ስድስት ጎረቤቶች ጠዋትና ማታ አነሡት። በሳምንቱ ብቻውን ቆመ። በሦስተኛው ሳምንት ወንዝ ወርዶ ጠጣ። ገበሬውም ለጠያቂው ሁሉ እዚሁ ተኝቼ አዳንኩት ይል ጀመር።

አንድ ጠዋት ስድስቱ ጎረቤቶች ጠፍሩንና አጣናውን ይዘው ቤት ገቡ። ሚስትየው ከፊት ናት።

«ዳልቻ ደግሞ ወደቀ?» አለ ደንግጦ።

«ዳልቻማ ቆሟል» አለችው። «የቀረን አንድ ነው።»

ጠፍሩን በብብቱ ሥር ሲያሳልፉ፣ እኔ እኮ ሰው ነኝ አላቸው።

«እናውቃለን» አለ አንዱ ጎረቤት፤ «በሬው ይህን ያህል አልተናገረም።»

አነሡት። አቃሰተ። ያቃስት፣ ማቃሰት አይገድልም አሉ ስድስቱ ባንድ አፍ። ሃያ ቀን ሙሉ ከእርሱ ሰምተው በቃላቸው ይዘውታል። ያን ቀን እስከ በሩ ወሰዱት። ሲደክመው አሳረፉት፤ ሕጉ የራሱ ነውና። ሲውል ሲያድር እስከ ግራሩ ደረሰ። ዳልቻ ከግራሩ ሥር ቆሞ እያመነዠከ ያየው ነበር። ገበሬው አፈረ፤ ከሰዎቹ ይልቅ ከበሬው አፈረ። በሳምንቱ ጠፍሩን መልሱ፣ ምርኩዜን ስጡኝ አለ።

ግንቦት ላይ እርፍ ጨበጠ። ጥቂት ያነክሳል። ዳልቻም ያነክሳል። በአንድ ወገን ስለሚያነክሱ ግን የሚያርሱት ፈር አልተጣመመም። አወዳደቁን ሲያወጋም ጣሪያው ወደ ቁመቱ ተመለሰ።

እንግዲህ ልጄ፣ ባጃጅ ተገልብጦብህ የተሰበረው ትከሻህ ገጥሟል ብለውሃል። ያቺ የፊዚዮቴራፒ ልጅ፣ ስሙ ለአፌ ይከብዳል፣ ክንድህን አንሣ እያለች ታስለቅስሃለች። አንተም ሐኪም ሕመም ይቀንሳል ወይስ ይጨምራል ብለህ ጠየቅኸኝ። ሐኪሙ አጥንትህን ሰጠህ፤ ክንድህን የምትሰጥህ እርስዋ ናት። ገበሬው የሚበጀውን አያውቅም ነበር አልልህም። ያውቅ ነበር፤ ለበሬው። አንተስ ባለፈው ዓመት እናትህ ጉልበቷን ሲይዛት፣ «እማዬ አትተኚ፣ ትንሽ ትንሽ ተራመጂ» ስትላት በአጥሩ በኩል ሰምቼህ የለ?

ከልክ በላይ ካመመህ ለልጅቱ ንገራት፤ ልኩን የምታውቀው እርስዋ ናት። ነገር ግን እርስዋ ዘንድ ከመሄድ እንዳትቀር። ከቀረህ ጠፍር አላጣም፤ ጎረቤቶችህንም አውቃቸዋለሁ።