ሁለተኛው ለምን ገባ?

አንድ ሰው ነበረ። አገሩ ቆላ፣ እህሉ ማሽላ፣ ጎተራው ጉድጓድ ነበር። አንተ ዛሬ ሚስትህ «የውኃ ጉድጓዱ አፍ ይታጠር፤ ልጅ ይገባበታል» ስላለችህ በጎረቤት ፊት ስቀህባት፣ ተቆጥተህም እኔ ዘንድ መጣህ። «አባቴ፣ ክፉ ቀን ሳይመጣ ለክፉ ቀን መሰናዳት ሟርት አይደለም ወይ? እግዜርንስ አለማመን አይሆንም ወይ?» ብለህም ጠየቅኸኝ። እንግዲያው ቁጭ በልና የዚህን ሰው ነገር ስማ። ከሰውዬው ይልቅ ግን ሚስቱን ልብ በል። አንጓች ትባላለች።

በዚያ አገር ማሽላ የሚቀመጠው መሬት ውስጥ ነው። መሬቱ እንደ እንስራ ይቆፈራል፤ ሆዱ ሰፊ፣ አፉ አንድ ሰው ትከሻውን አጥብቦ የሚገባበት ያህል ጠባብ። ውስጡ ጭድ ይነጠፍና እህሉ ይገለበጥበታል፤ አፉ በድንጋይ ተከድኖ በጭቃ ይመረጋል። አይጥ አያገኘው፣ እሳት አይበላው። ነገር ግን ታምቆ የከረመ ጉድጓድ አየሩ ገዳይ ነው። ክዳኑ እንደተነሣ ዘው ብሎ የገባበትን ሰው ጉልበቱን ይቆርጠዋል፤ ሳያስጮህ፣ ሳያንፈራግጥ፣ እንቅልፍ እንደጣለው ሰው ያስተኛዋል። ይህን የማያውቅ የዚያ አገር ሰው የለም። ሁሉም ያውቃል፤ እያወቀም ይገባል።

ለምን በለኝ። በዚያ አገር ጉድጓድ ሲከፈት መጀመሪያ የሚወርደው አባወራው ነዋ! ያውም ክዳኑ በተነሣበት አፍታ፣ ጎረቤት ዙሪያውን ከቦ እያየው። «ቆይ፣ ትንሽ ይናፈስ» ያለ ወንድ የገዛ እህሉን ፈራ ተብሎ ሰርግ ላይ ይዘፈንበታል። ስለዚህ ወንዱ ሁሉ ስሜ ከሚጠፋ ነፍሴ ትጥፋ እያለ ሲገባ ኖረ። አንዳንዱ ይወጣል፤ አንዳንዱ ይቀራል። ለቀረው ይለቀስለታል፤ በዓመቱም ልጁ እንደ አባቱ ዘው ይላል።

አንጓች የወንዝ ማዶ ልጅ ናት። ገና ሕፃን ሳለች አባቷ ጉድጓድ ገብቶ ቀረ። አጎቷ «ወንድሜን!» ብሎ ተከትሎ ገባና ቀረ። አጎቷን ሊያወጣ ጎረቤታቸው ገባና እሱም ቀረ። ከአንድ ጉድጓድ ሦስት ሬሳ ወጣ። አልቃሽ አጎቷን «ወንድሙን ጥሎ ያልቆመ» እያለች ስታሞግስ ሕፃኗ ግን የእናቷን ቀሚስ እየጎተተች አንድ ነገር ብቻ ትጠይቅ ነበር፤ «እማዬ፣ ሁለተኛው ለምን ገባ?» የሚመልስላት ጠፋ። አድጋ፣ ተድራ፣ ወልዳ እንኳ ያች ጥያቄ ከደረቷ አልወጣችም።

ባሏ ቤት ከገባች በኋላ ለአህያ ጭነት ከሚሆነው ሁሉ የጠነከረ አንድ ረጅም መጫኛ ከጠፍር ገመደች። ብረት ሠሪ ዘንድ ሄዳ መንጠቆ አሠራችና በረጅም ዘንግ ጫፍ ላይ አሰረችው፤ መጫኛውንም ከመንጠቆው ጋር አያያዘች። ሁሉንም ከበሩ አጠገብ ሰቅላ ባሏን እንዲህ አለችው፤ «ጉድጓዱ ሳይናፈስ አትገባም። ስትገባም ወገብህ ታስሮ፣ ከላይ ሳቢ ቆሞ ነው። አያድርገውና ብትወድቅ በዚህ መንጠቆ እናወጣሃለን፤ ሁለተኛ ሰው ግን አይገባም።»

ባሏ ደነገጠ። ከዚያ ተቆጣ። «አንቺ ሴት፣ ገና ሳልሞት ልትጎትችኝ ነው? ሟርትሽን ለጠላቴ! አፍሽ ይቆረጥ!»

«አፌ ቢቆረጥ ግድ የለም፤ መጫኛው አይቆረጥ እንጂ» አለችው።

በዚህ ብታበቃ ጥሩ ነበር። አላበቃችም። ባዶ ጉድጓድ በተገኘ ቁጥር አሸዋ የሞላ ጆንያ ወገቡን በጨርቅ ታስርና ትጥላለች። የሰፈሩን ሴቶች በልምምጥም በቁጣም ትሰበስባለች። ዘንጉን አውርደው ጨርቁን በመንጠቆ ይይዛሉ፤ ከዚያ በመጫኛው «እሆ!» እያሉ ይስባሉ። መጀመሪያ ጆንያው እያመለጠ አሳቃቸው። ኋላ ግን እጃቸው ለመደ። አገሩ ሳቀ። አንድ ሽማግሌ በዚያ ሲያልፍ «አንጓች፣ የአሸዋው ተዝካር መቼ ነው? ጠላው እንዳያመልጠኝ» አላት። «ያንተው እንዳይቀድመው ብዬ ነው የምለፋው!» ብላ መለሰችለት። ሽማግሌው ቀኑን ሙሉ ሲያማትብ ዋለ ይባላል።

አንድ የገበያ ቀን ደግሞ ባሏ የአህያው መጫኛ ቢበጠስበት የእሷን ከተሰቀለበት አውርዶ ማሽላውን ጫነበት። ሮጣ መንገድ ላይ ደረሰችበት። ገበያተኛው ሁሉ ቆሞ እያየ ጭነቱን ከአህያው ላይ አራገፈች፤ መጫኛዋን ጠቅልላ በትከሻዋ አንጠልጥላ ተመለሰች። ባልየው ጆንያውን ታቅፎ ቀረ። ከዚያን ቀን ወዲህ «አህያው ሚስቱን ያስፈቅዳል» እየተባለ ተቀለደበት። ይህን አትርሳው፤ ቀልዱ ኋላ ዋጋ ያስከፍላል።

ሴት ልጃቸው ልትዳር ሆነ። ለድግሱ እህል ያስፈልጋልና ጉድጓድ ሊከፈት ጎረቤቱ ጠዋት ተሰበሰበ። ጉድጓዱ ረጥቦ ከርሞ ነበርና ክዳኑ ሲነሣ የሻገተ ሽታ ወጣ። አንጓች ዘንጓንና መጫኛዋን ይዛ መጣች። ሰዉ እርስ በርሱ ተጠቃቀሰ። ባሏ አየት አደረጋት፤ ሽታው ለእሱም ደርሶታል። እውነቱን ልንገርህ፣ በልቡ ፈርቷል። እጁን ዘርግቶ መጫኛውን ያዘ።

ይኼኔ ታናሽ ወንድሙ፣ የአንጓች ዋርሳ፣ «ወንድም ዓለም፣ ወገብህ ላይ ምን ያደርግልሃል? እንደ ጥጃ አንገትህ ላይ ታስርልህ እንጂ!» አለ። ሰፈሩ በሳቅ ፈነዳ።

ባልየው መጫኛውን ለቀቀው። «ልቀቂኝ አንቺ!» አለና እግሩን ወደ ጉድጓዱ ሰዶ ዘው አለ።

ሳቁ ገና አላባራም ነበር። ከውስጥ «ቅርጫት አቀብሉኝ» ሲል ተሰማ። ቅርጫቱን ይዘው ቢጠሩት መልስ የለም። ደግመው ጠሩት። ጎንበስ ብለው ቢያዩ እታች ማሽላው ላይ በግንባሩ ተደፍቷል። ሳቁ ቆመ።

«ወንድሜን!» አለ ዋርሳዋ። ጋቢውን ወርውሮ ወደ ጉድጓዱ ተንደረደረ።

ያችን ቃል አንጓች ታውቃታለች። ሕፃን ሆና ሰምታታለች። ዘንጓን እንደያዘች በጉድጓዱ አፍ ላይ፣ እግሯን ወዲህና ወዲያ አንፈራጥጣ ቆመችበት።

«ሁለተኛ ሰው አይገባም!»

«ዞር በይ! ባልሽ እኮ እየሞተ ነው!»

«አዎ፣ እየሞተ ነው! አንተ ስትጨመርበት ይድናል?»

«ወንድ ልጅ ወንድሙን ጥሎ አይቆምም!» እያለ ገፋት። ሌሎቹም ከኋላ ሆነው «አስለቅቋት! ባሏን አስገደለችው እኮ!» ይላሉ። እሷ ግን ወይ ፍንክች! ልቧ ደንጊያ ሆኖ እንዳይመስልህ። እግሯ ሥር የተደፋው የልጆቿ አባት ነው። ከሁሉ አስቀድሞ ዘልሎ መግባት ያማራት እሷን ነው። ግን የአጎቷ ሬሳ ሲወጣ አይታለች፤ የጎረቤታቸውንም አይታለች። ዋርሳዋ ክንዷን ይዞ ሊጥላት ሲል የዘንጉን ቂጥ አዙራ አፉን አለችው። ደም ጎረፈ፤ የፊት ጥርሱ ወለቀ። ያ የሚያህል ወንድ መሬት ላይ ቁጭ አለ።

«የአሸዋ ሴቶች! የት አላችሁ!» ብላ ጮኸች።

መጡ። ሊጥ ሲያቦኩ የነበሩት በሊጥ እጃቸው፣ ሽንኩርት ሲልጡ የነበሩት እያነቡ መጡ። እሷ ዘንጉን አወረደች፤ እነሱ መጫኛውን ያዙ። መንጠቆው ወገቡ ላይ የተጠመጠመውን ድግ ፈለገ። መጀመሪያ አመለጠ፤ አንዷ «ልክ እንደ ጆንያው!» አለች፤ የሚስቅ አልነበረም። ሁለተኛ ያዘ። «ወንዶች! ጉልበት ካላችሁ ገመዱ ይኸው!» አለች አንጓች። ያን ጊዜ የቆሙት ሁሉ መጫኛው ላይ ተረባረቡ። ከፊት ሆኖ ሲስብ የነበረው አፉ የሚደማው ዋርሳዋ ነው።

ወጣ። ፊቱ ጠቁሯል፤ ትንፋሽ የለውም። ነፋስ ወዳለበት ጎትተው አስተኙት። አንጓች ደረቱን ገልጣ እያሸችው «ተነሥ! ልጅህን ሳትድር የት ትሄዳለህ! ተነሥ እልሃለሁ!» ትለዋለች፤ እያለቀሰች ትቆጣዋለች። በመጨረሻ አንድ ጊዜ ሳለ። ቀጥሎም ሌላ። ከዚያ ዓይኑን ገለጠና አስታወከ። ሙሽራይቱ ከቤት ሮጣ ወጥታ አባቷ እግር ላይ ወደቀች።

እዚህ ላይ ነገሩ አለቀ ብትል ተሳስተሃል። ሰርጉ ካለፈ በኋላ የአገር ሽማግሌዎች ተሰበሰቡ። ሴት ሆና ዋርሳዋን በአደባባይ መምታቷ አገር ያዋረደ ነገር ነው አሉ። ደግሞም ያን ሁሉ ዓመት አሸዋ ስትቀብር ስለኖረች ሟርቷ ነው ባሏን ጉድጓድ የከተተው አሉ። ስለዚህ ድንጋይ ተሸክማ ከዋርሳዋ እግር ሥር ወድቃ ይቅርታ ትጠይቅ ብለው ፈረዱ። ድንጋዩም ተፈልጎ መጥቶ ከፊቷ ተቀመጠ። ባሏም አፈረና መሬት መሬት ያይ ነበር።

አንጓች ድንጋዩን አየችው፤ ሽማግሌዎቹንም አየቻቸው። «ምን ቆርጦኝ!» አለች። «ነገም ልግባ ቢል ነገም እመታዋለሁ። የፊት ጥርሱ ቢያልቅ የኋላውን አወልቃለሁ። አባቴን የቀበረው ሰው ሁሉ ሟርት አልተናገረም ነበር። አንዱም ክፉ አላወራም። ታዲያ ሦስቱን ምን ገደላቸው? ንገሩኛ!»

ያን የተዝካር ቀልድ የቀለደው ሽማግሌ ዝንብ የሚያባርርበትን ጭራ ማወዛወዝ ተወ።

በዚህ መኻል ዋርሳዋ ከተቀመጠበት ተነሣ። አፉን ከፍቶ ባዶውን ድድ ለጉባኤው ሁሉ ዞሮ አሳየ። «ይህች ጥርስ ባትወልቅ ኖሮ ዛሬ የምትዳኙት ሰው አይኖርም ነበር፤ እናቴም ሁለት ልጅ ባንድ ቀን ትቀብር ነበር። መጫኛውን ከወንድሜ እጅ ያስጣልሁት እኔ ነኝ። ያ ሳቅ የኔ ነው» አለ። ጎንበስ ብሎ ድንጋዩን አነሣ፤ በገዛ ማጅራቱ ላይ ተሸከመና ከአንጓች እግር ሥር ወደቀ።

አንጓች ጎንበስ ብላ ድንጋዩን አወረደችለት። «ማርሁህ» አለች። «ድንጋዩን ግን አትጣለው። ውሰድና ጉድጓዱ አፍ አጠገብ አስቀምጥልኝ። ከእንግዲህ ጉድጓድ የከፈተ ወንድ እዚያ ላይ ቁጭ ብሎ ይቆይ። ፈራ የሚለው ቢኖር አንተ ጥርስህን አሳየው።»

ድንጋዩ ዛሬም እዚያው ነው ይላሉ። ሰው ቁጭ እያለበት ለስልሷል። በዚያ ሰፈር ጉድጓድ ሲከፈት አባወራው ድንጋዩ ላይ ይቀመጣል፤ ወገቡን ይታሰራል፤ ጎረቤቱም እያጫወተው አየሩ እስኪወጣ አብሮት ይጠብቃል። የሚዘፍንበት የለም።

እንግዲህ ልጄ፣ ወዳንተ ልመለስ። ሟርት ነው ወይ ብለኸኛል። ክፉ ቀን ስሙን ስለጠሩት የሚመጣ ቢሆን ኖሮ የአንጓች አባት ዛሬ በሕይወት ይኖር ነበር። ጉድጓዱ ክፉ ቀን ነው፤ ያንተም ቤት ያለ ጉድጓድ አይደለም። መጫኛው ምክር ነው። ያ በሳቅ ምክንያት መጫኛውን የለቀቀው ባል ደግሞ አንተ ነህ፤ አትቆጣ፣ አንተው ነህ! ሚስትህ ይታጠር ስትልህ በጎረቤት ፊት «ይህች ፈሪ» ብለህ የሳቅህባት ጊዜ መጫኛውን ለቅቀሃል። እግዜርን አለማመን አይሆንም ወይ ትለኛለህ። እግዜር ያን ሰው ያወጣው በምን ይመስልሃል? ሴትዮዋ አስቀድማ በገመደችው ጠፍር ነው። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዲሉ፣ እንባህን ይዘህ ጉድጓዱ አፍ ላይ ከምትደርስ የአጥር እሾህህን ይዘህ ቅደም።

በል ተነሥ። ገጀራህን ያዝ፤ እበረሃው ጫፍ ያለውን ግራር ቆርጠህ ጀንበር ሳትጠልቅ የውኃ ጉድጓድህን እጠር። ጎረቤቶችህ ሊስቁብህ ይመጣሉ። ይሳቁ! አንተ እየሳቁብህ እጠረው። ሚስትህን ይቅርታ ስትጠይቅ ደግሞ ድንጋይ አልሸከምም ብለህ እንዳትከራከር፤ ደጄ ላይ አንድ አለ፣ ያዝና ሂድ።