የዳኛው የዋንዛ ሙዳይ

ልጅ ሳለሁ፣ ከቅዳሴ በኋላ ደጀ ሰላሙ አጠገብ ሁለት ሽማግሌዎች ሲጨዋወቱ ሰምቻለሁ። አንዱ፣ «ይቺ አባባል እኮ የእንጨት ነች» አሉ። ሌላው፣ «እንጨቱማ ግማሹ ነው፤ ግማሹ የሚስትየዋ ነው» ብለው ሳቁ። የትኛዋ አባባል እንደሆነች አልሰማሁም። የቀረውን ለማግኘት ብዙ ዓመት ጆሮዬን ጥዬ ቆየሁ። ኋላ የሰማሁት እንዲህ ነው፤ እውነቱን እግዜር ያውቃል።

ዳኛ ይመኑ የሚባሉ ሰው ነበሩ። ሠላሳ ዓመት የሰው ጠብ ሲያበርዱ ኖረው፣ ጉልበታቸው ሲደክም ዳኝነቱን ለሌላ አስረከቡና ሙዳይ መሥራት ጀመሩ። ማንም አላስተማራቸውም። ዋንዛ በስሱ ይልጋሉ፤ በፈላ ውሃ ይዘፈዝፋሉ፤ ከዚያ እንደ ቀለበት አጥፈው ጫፍና ጫፉን በጠፍር ይሰፋሉ። መጀመሪያ ስንቱን ሰበሩት! ከውሃ የወጣ እንጨት ጥቂት ከቆየ ይገትራል፤ ላጥፍህ ቢሉት ቀጭ ይላል። ይህን በራሳቸው ስለደረሱበት ደስ ብሏቸው፣ መንገደኛውን ሁሉ እያስቆሙ፣ «ሳይደርቅ ነው፣ በእርጥቡ!» ይሉ ነበር።

ደስታቸውን የሚያጎድለው አንድ ነገር ብቻ ነበር። ዳኝነቱን ባስረከቡ ዕለት ታናሽ እህታቸው ዘርፌ በሰው ፊት፣ «እሰይ! ጋሼ እንግዲህ ሰው ሲናገር ይሰማ ይሆናል» ብላ አሳቀችባቸው። ተቀየሙ። አጥር ብቻ የሚለያቸው እህትና ወንድም ሦስት ወር ሳይነጋገሩ ቀሩ።

አንድ ጠዋት ከአጥሩ ማዶ በቅሎ ሲጫን ተሰማ። ዘርፌ ከባሏ ጋር ለኑሮ ቆላ ልትወርድ ነው፤ ከዚያ ወዲያ መተያየቱ እንጃ። ዳኛው እንጨት ዘፍዝፈው ነበር። የሚሠሩት ሙዳይ ለእሷ ነው፤ የእናታቸውን መስቀል የምታኖርበት።

«ሲያልቅ አንቺ ታደርሽላታለሽ» አሏቸው ባለቤታቸውን፣ ወይዘሮ ብርቄን።

«አንቱስ?»

«እኔ ታላቅ ነኝ። እሷ መጥታ ይቅርታ ትጠይቅ።»

«አይ የእኔ ጌታ! አገሩን ሁሉ አስታርቀው አስታርቀው…»

«ተይው። ይልቅ ነይ፣ ይህን ጫፍ ያዥልኝ» አሉ እንጨቱን ከውሃው እያወጡ። ማጠፉ አራት እጅ ይፈልጋል።

ወይዘሮ ብርቄ እጃቸውን ነጠላቸው ውስጥ ሸሸጉ። «አልይዝም።»

«ኧረ ይደርቃል!»

«የምትይዝልዎ ሰው ከአጥሩ ማዶ አለችልዎ።»

«ይሰበራል እኮ፣ ብርቄ!»

«ይሰበራላ! የእንጨቱንስ አሳምረው ያውቁታል።»

ዳኛው የሚንጠባጠበውን እንጨት አዩ፤ አጥሩን አዩ። የበቅሎዎቹ ቃጭል መንቀሳቀስ ጀምሯል።

«እሺ» አሉ በመጨረሻ። «እሄዳለሁ። ግን ‹ያዥልኝ› ከማለት በቀር አንድ ቃል አልናገርም!»

«እሷው ቃል ትበቃለች።»

እንጨቱን እንደ ጦር ተሸክመው፣ ውሃው ኩታቸውን እያበሰበሰው ከበሩ ሲወጡ፣ ወይዘሮ ብርቄ ከኋላቸው ድምፃቸውን ከፍ አድርገው፣ «ይፍጠኑ እንጂ! ሳይደርቅ በእርጥቡ፣ ሳይርቅ በቅርቡ!» አሏቸው።