ለማኅደር የመጡት ሦስት ወንበሮች

በአንድ ወቅት፣ ያውም ብዙ ባልራቀ ወቅት፣ ደብረ ብርሃን ከተማ ውስጥ ማኅደር የምትባል የአራት ዓመት ልጅ ነበረች። አባቷ ጌትነት፣ እናቷ ወይንሸት ይባላሉ። ጌትነትን በልጅነቱ ያሳደጉት ታላቅ እህቱ እታፈራሁም አብረዋቸው ይኖራሉ፤ ቤቱ ሁሉ «እትዬ» ነው የሚላቸው። ሦስቱም ይህችን ልጅ ይወዷታል። ይህን ከአሁኑ ያዙልኝ፤ ኋላ ፍረዱ ስላችሁ «ድሮም አይወዷትም ነበር» ብላችሁ እንዳታመልጡኝ።

ጌትነት አሮጌ መኪና እንደገዛ መጀመሪያ ያሰበው ለልጁ መኪና ውስጥ የሚገጠም ቀበቶ ያለው ወንበር ነው። በዚህ ሊመሰገን ይገባዋል። ስንቶቻችን ነን ልጅ ታቅፈን ጋቢና ተቀምጠን «እኔ ይዣታለሁ፣ አታስቡ» የምንል! ችግሩ ሻጩ «ልጅቷ ምን ያህል ትሆናለች?» ብሎ ሲጠይቀው ነው። ጌትነት እጁን ከልጁ ቁመት ከፍ አድርጎ አሳየ። ጫማ ሲገዛላትም እንዲሁ ነው፤ ቁጥሩን ከፍ አድርጎ ይገዛና ጫፉ ላይ ጥጥ ይወትፍበታል።

«ይሄ እንዳይሰፋት» አለው ሻጩ።

«ልጅ አይደለች? ታድግበታለች» አለ ጌትነት።

ወንበሩ መጣ። ማኅደር ስትቀመጥበት የትከሻው ቀበቶ ከትከሻዋ በላይ ርቆ ነበር የሚወጣው። ወይንሸትም አየች፣ እትዬም አዩ። ጌትነት አሁንም «ታድግበታለች» አለ፤ ወንበሩም እንዳለ ተቀመጠ።

አንድ ማለዳ ደብረ ሲና ዘመድ ቤት ክርስትና ተጠሩ። የደብረ ብርሃንን ብርድ የቀመሰ ያውቀዋል፤ ልጅቷ ደግሞ ጉንፋን ይዟት ሰንብቷል። ወይንሸት ያን ወፍራም ባለጥጥ ጃኬት አለበሰቻት፣ ወንበሩ ላይ አስቀመጠቻት፣ ቀበቶውንም ከጃኬቱ በላይ አሰረችው። ሳበችው፤ ጠበቀ። የጠበቀው ግን ጃኬቱ ላይ ነው። ልጅቷ ከውስጥ እንደልቧ ትወዛወዛለች። የወይንሸት እጅ ይህን አውቆታል፤ ቢሆንም በዚያች ሰዓት የፈራችው ብርዱን ነበር።

እትዬ ከኋላ፣ ከማኅደር ጎን ተቀምጠዋል። ጣርማ በርን አልፈው ቁልቁለቱን ሲጀምሩ ልጅቷ ለቅሶዋን አቀለጠችው።

«እትዬ፣ ያዘኝ! ፍቺልኝ!»

እትዬ ሆዳቸው አልቻለም። «ልጅ እንደ ሌባ ይታሰራል እንዴ?» አሉና የማላሊያውን ቁልፍ ጫን አድርገው ቀበቶውን ለቀቅ አደረጉላት። «በቃ፣ እፎይ በይ የኔ እመቤት።»

ልጅቷ ዝም አለች። መኪናው ውስጥ ሰላም ወረደ።

ከጥቂት ጊዜ በኋላ አንዲት አህያ ከዳገቱ ዘላ አስፋልቱ መሃል ቆመች። ጌትነት ባለ በሌለ ኃይሉ ፍሬን ረገጠ። አህያዋ ተረፈች። ማኅደር ግን ከቀበቶው ሾልካ ወጥታ ከፊት ወንበር ጀርባ ጋር ተጋጨች።

ሐኪም ቤት ቅንድቧ ተሰፋ። የትከሻዋ አጥንት ተሰንጥቆ ስለነበር ክንዷ በጨርቅ ታስሮ አንገቷ ላይ ተንጠለጠለ። ሐኪሟ «ምን ሆና ነው?» ብላ ስትጠይቅ ሦስቱም ተሻሙ።

«እኔ ነኝ» አለ ጌትነት፤ «የማይሆናትን ወንበር የገዛሁት እኔ ነኝ።»

«እኔ ነኝ» አለች ወይንሸት፤ «በጃኬት ላይ ያሰርኳት እኔ ነኝ።»

«ኧረ እኔ ነኝ» አሉ እትዬ፤ «በዚች እጄ አላላሁላት።»

ሐኪሟ የሁሉንም ሰማችና፣ ከሦስቱ ነገር አንዱ እንኳ ባይኖር ልጅቷ ምናልባት ከቀበቶው አትወጣም ነበር አለቻቸው። ልታጽናናቸው ብላ ነው። ጥፋቱን ለሦስት ያካፈለችላቸው መስሏት ለእያንዳንዳቸው ሙሉውን አስታቀፈቻቸው።

ከዚያ ወዲያ ያ ቤት ቤት አልሆነም። ጌትነት መኪናውን ሸራ አለበሰው። ወይንሸት የልጇን ፊት ስታጥብ ጠባሳው ጋ ስትደርስ ዓይኗን ትጨፍናለች። እትዬ ልጅቷ «ፍቺልኝ» ባለች ቁጥር፣ የጫማ ክር እንኳ ቢሆን፣ «እናትሽ ትፍታልሽ» ብለው ይሸሻሉ። አንዱ ሌላውን አይወቅስም፤ ቢወቃቀሱ እኮ ትንሽ ይቀልላቸው ነበር። ፀፀት ክፉ ነገር ነው፤ ሦስት ሰው በአንድ ገበታ አስቀምጦ ለየብቻ ያስበላል።

ክንዷ ድኖ ትምህርት ቤት የምትጀምርበት ጊዜ ደረሰ። መኪናው ሸራውን ማውለቁ ግድ ሆነ። ሦስቱም ሳይነጋገሩ፣ ሳይተያዩ፣ በየፊናቸው ወንበር ፍለጋ ወጡ።

ጌትነት ቁመቷንና ትከሻዋን በገመድ ለክቶ ገመዱን በኪሱ ይዞ ሄደ። ቀበቶው ልክ ትከሻዋ ላይ እስኪያርፍ ድረስ ባለሱቁን ወንበር ሲያስወርድ ዋለ። «ይሄ ቶሎ ይጠባታል፤ ከፍ ያለ አይሻልዎትም?» ሲለው ጌትነት ፊቱ ቀላ። «ሲጠባት ሌላ እገዛለሁ። ዛሬ ልኳ ይሁን» አለ።

ወይንሸት የራስ መደገፊያው ከፍ ሲል ቀበቶው አብሮት ከፍ የሚል ወንበር መረጠች። ቤት ገብታም ያን ወፍራም ጃኬት ተረተረችው። ልጅቷ በስስ ልብስ ከታሰረች በኋላ በላይዋ የሚጣል ትንሽ ብርድ ልብስ ሰፋችላት፤ ስትሰፋም ስታለቅስም አመሸች።

እትዬ ስለ ወንበር የሚያውቁት ነገር የለም። ሱቅ ገብተው የየወንበሩን ማላሊያ በጣታቸው እየተጫኑ፣ የቀረበላቸውን ሁሉ «ይሄ አይሆንም» እያሉ አለፉ።

«ምን ዓይነት ነው የሚፈልጉት፣ እናቴ?» አላቸው ሻጩ።

«እኔ ላላላው የማልችለው» አሉ። በመጨረሻ ማላሊያው ለጣታቸው አልበገር ያለውን ይዘው ተመለሱ።

እንግዲህ ትምህርት ቤት በሚከፈትበት ጠዋት ሦስት ወንበር ግቢው ውስጥ ተሰለፈ። ማኅደርን በየተራ አስቀመጡባቸው፤ ሦስቱም ልክ ሆኑላት። የመኪናው የኋላ መቀመጫ ግን ከእትዬ ጋር ከአንድ በላይ አይችልም። «በየተራ ትጠቀምባቸው» እንዳትሉኝ፤ እሱን ጌትነትም ብሎት ነበር። «ወንበር በየቀኑ የሚፈታና የሚያስር ሰው አንድ ቀን ይሳሳታል፤ እኛ ደግሞ ተሳስተን አይተነዋል» ብላ ወይንሸት ዘጋችው።

«ጥፋቱ ከእኔ ነው የጀመረው» አለ ጌትነት። «መጀመሪያውን ላስተካክል። አለበለዚያ መሪ አልጨብጥም።»

«ለእኔ ነበር አደራዋ» አለች ወይንሸት። «ሳስራት እጄ እያወቀው ዝም አልኩ። በሌላ ወንበር ላይ አስሪያት ብትሉኝ እጄ አይታዘዝልኝም።»

«የእናንተማ ባለመጠንቀቅ ነው» አሉ እትዬ። «የታሰረችውን የፈታሁ እኔ ነኝ። የእኔ ካልሆነ ከጎኗ አልቀመጥም፤ እጄን አላምነውም።»

የማን ወንበር ይግባ ማለት ምን ማለት እንደሆነ ሁሉም ገብቷቸዋል፤ ወንበሩ የገባለት ሰው ከዛሬ ጀምሮ የልጅቷን ፊት ቀና ብሎ ያያል። የቀሩት ሁለቱ እንዳቀረቀሩ ይኖራሉ።

ማኅደር አዲሱን ቦርሳዋን አዝላ ሦስቱን ወንበሮች ዞረቻቸው። ከዚያ ቅንድቧን ነካ አደረገች።

«የማያመኝ የቱ ነው?» አለች።

አባቷን አየች፤ አቀረቀረ። እናቷን አየች፤ አቀረቀረች። እትዬን አየች፤ እጃቸውን ነጠላቸው ውስጥ ደበቁ።

የመኪናው በር ክፍት ነው፤ ልጅቷም ቆማ መልስ እየጠበቀች ነው። እስቲ እናንተ መልሱላት፦ የማን ወንበር ይግባ?